ያልተሰረዘው ውዝፍ

በ1961 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጎጃም ገበሬ የግብር ውዝፍ ማሩ። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሲንከባለል የመጣ ዕዳ ሁሉ ተሰረዘ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከስፍራቸው ተነሡ፤ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብርም በጎጃም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። ይህን ያየ ሰው “ገበሬው አሸነፈ” ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና ከምሕረቱ በፊት በነበረው ክረምት የመንግሥት የጦር አውሮፕላኖች በዚያው ምድር መንደሮችን ደብድበው ነበር። ምሕረቱ የግብሩን ሒሳብ ዘጋ እንጂ የደሙን አልነካም። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ሰው ያስገደለ መንግሥት ሰው ለተገደለበት ሕዝብ ምሕረት ሲሰጥ፣ ይቅር ባዩ ማን ነው? ይቅርታ ጠያቂውስ?

የነገሩ መነሻ በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ነው። ለወረቀት ሥራ ሰው ክፉ ሕግ አይመስልም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይክፈል ይላል። የብቸናና የሞጣ ገበሬ ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ገማች መጥቶ አዝመራውን በዓይኑ ከመዘነ፣ ነገ የመሬት መለኪያውን ቀላድ ይዞ ይመለሳል፤ ቀላድ የተጣለበት መሬት ደግሞ ከአባት ከአያት የመጣ ርስት መሆኑ ያከትማል ብሎ ሰጋ። ስጋቱ ድንገት የመጣ አልነበረም፤ ጣሊያን ከተባረረ ማግሥት ጀምሮ ይኸው አገር በመሬት ግብር ሳቢያ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቷል። ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት አመፁ። በሐምሌና በነሐሴ፣ ገበሬው ከእርሻው በማይነቀልበት ወቅት፣ አውሮፕላን መጣ።

ያው መንግሥት በዚያው ዘመን በዓለም ፊት የሌሎችን ግፉዓን ጉዳይ ይዞ ይሟገት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አቆሟት፤ ክሱ የዛሬዋን ናሚቢያን በአፓርታይድ ትገዛለች የሚል ነበር። ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። የሄጉ ሙግት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1966 ተዘጋ። ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ድምፅ የተወሰነው ውሳኔ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም የሚል ነበር። አዲስ አበባ በዚህ ማዘኗ አግባብ ነው፤ የተበደለ ሰው አፍ አጥቶ፣ አፍ ልሁነው ያለውም “ምን አገባህ?” ተብሏልና። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የሞጣ ሟች ዘመዶች አቤት ቢሉስ ወዴት ይሂዱ? የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ዙፋን ችሎት ነው፤ ተከሳሹም ዙፋኑ ነው።

የጎጃም የግብር አመፅና አፓርታይድ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። አንዱ ሰውን በቆዳው ቀለም ከሰውነት ተራ ለማውጣት የተዋቀረ ሥርዓት ነበር፤ ሌላው ማእከላዊ መንግሥት ግብር እምቢ ባለው ሕዝብ ላይ ክንዱን ያነሣበት ዘመቻ ነው። የሚያገናኛቸው የሟቾቹ ዕጣ ነው። የሻርፕቪል ሟቾች እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 1960 በፖሊስ ጥይት ሲወድቁ 69 ተብለው ተቆጠሩ፤ ዛሬ በመታሰቢያው ስፍራ ስማቸው ተጽፎ ይነበባል፤ ቀኑም ለደቡብ አፍሪካ የሰብአዊ መብት ቀን ነው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት የሞቱት የጎጃም ሰዎች ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት በግምት ነው። የሰው ልጅ ሞት በግምት ሲነገር፣ ገማቹ ከአዝመራው ወደ ሬሳው ተሻገረ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሕዝብ ስለ ገዳይና ስለ ሟች የጠራ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ሰው ሰውን ከገደለ ነገሩ አይድበሰበስም። ሟቹ የእገሌ ልጅ እገሌ ነው፤ ደመኛውም ይታወቃል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካህን መስቀል ይዞ፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ከሟች ቤተሰብ ፊት ይቆማል። ቤተሰቡ አልሰማም ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ሽማግሌ ደግሞ ደጋግሞ ይመላለሳል። ካሣ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገር አይዘለልም፦ ገዳዩ “እኔ ነኝ” ይላል፣ ሟቹ በስሙ ይጠራል፣ ይቅር የማለት ሥልጣኑም የተበደለው ቤት ብቻ ነው። በ1961 ሦስቱም ተገለበጡ። ድንጋይ ሊሸከም የሚገባው አካል ዙፋን ላይ ተቀምጦ ማረ፤ የሟች ወገን ደግሞ እጅ ነሥቶ ተቀበለ።

“እኛ እኮ አንረሳም፤ በላይ ዘለቀን ማን ረሳው?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጋው፣ ከነጻነት በኋላም በገዛ መንግሥቱ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው የብቸናው አርበኛ ዛሬ መንገድና የባሕር ዳር አየር ማረፊያ በስሙ ይጠራሉ። ነገር ግን በላይን የምናስታውሰው ስለ ጀግንነቱ ነው። ባይዋጋ ኖሮ፣ እንዲያው በማሳው ላይ ሳለ ቢገደል ኖሮ፣ ስሙን እናውቀው ነበር? ፉከራና ቀረርቶ ለሚገድልና ለሚሞት ወንድ የተሠራ ነው፤ በጎጆዋ ውስጥ ቦምብ ለወደቀባት እናት የሚሆን ስንኝ የለውም። ጀግናን ማስታወስ የሚጠቅመው እኛን ነው፤ ያኮራናል፣ ለነገ ያነሣሣናል። ሰለባን ማስታወስ ግን ምንም አያተርፍልንም። የሟች ሐቅ የሚፈተነውም ትርፍ በሌለበት በዚሁ ቦታ ነው፤ ለጥቅማችን ብቻ የምናነሣው ሟች ከሞተ በኋላም ሎሌያችን ሆኗል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ታውቀዋለች። አርባ ሲወጣ፣ ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም ይጠይቃል። “ብዙ ሺህ ሰማዕታት” ተብሎ ተዝካር አይወጣም። ፖለቲካ ግን ክምር ይወዳል፤ “ሕዝባችን” እያለ ሟቹን በጅምላ ይጠራዋል፤ ጅምላው ደግሞ ለመፈክር ይመቻል። ዛሬ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ሟቾች መታሰቢያ እንደ ማዕረግና እንደ ከተሜነት የተከፋፈለ ነው። ደርግ በኅዳር 1967 የረሸናቸው ባለሥልጣናት ኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አርፈዋል። የቀይ ሽብር ወጣቶች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በመስቀል አደባባይ ሙዚየም አላቸው። ገበሬውስ?

ይህን ሲሰሙ “ያለፈውን አትቆስቁሱ” የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ፍርሃታቸው ባዶ አይደለም። ትዝታ ደም መላሽን ያፈራል። ነገር ግን ደም መላሽ የሚያድገው ነገሩ ከታወቀበት ቤት ይልቅ ከተዳፈነበት ቤት ነው። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የደቡብ አፍሪካ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽንም ምሕረትን ያለ ዋጋ አልሰጠም፤ ወንጀለኛው የሠራውን ሙሉ በሙሉ እንዲናገር ግድ ብሏል። ከብቸና ሽማግሌ ጋር ቢያወጉ የሚግባቡበት ነጥብ ነው። ኮሚሽኑ ብዙ ቤተሰቦችን በካሣና በፍርድ ረገድ አላረካም፤ ቢሆንም ቅደም ተከተሉን አላፋለሰም፤ መጀመሪያ ቃል፣ ከዚያ ምሕረት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ገዳዩ ከእኛው ሲሆን ማስታወስ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ከተማ ላይ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። በ1960 ተበድያለሁ የሚል ከተማ ይህንንም በዚያው መዝገብ ካላሰፈረ፣ የያዘው ሐቅ ሳይሆን ቂም ነው። እንዲሁም ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መርዓዊ ላይ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ ገደሏቸው ሲል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማንነታቸውን ያረጋገጠላቸው ቢያንስ 45 ሲቪሎች፣ በማን ወገን ተቆጠሩ ከሚለው ጥያቄ በፊት በስማቸው ሊጠሩ ይገባል።

በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ማፈላለግን፣ ክስን፣ ካሣንና ቅድመ ሁኔታ ያለበትን ምሕረት ይዟል። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚመዘነው ግን ምሕረቱን ማን ይሰጣል በሚለው ነው። መንግሥት የራሱን ግብር መማር ይችላል፤ የሌላውን ሰው ደም መማር ግን አይችልም። በ1960 ክረምት አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ከስልሳ አምስት አልፏል፤ በዚያ ነሐሴ ከጎረቤቱ ማን እንደቀረ ያውቃል። የቀበሌ ጸሐፊም ሆነ የደብር አስተዳዳሪ ስሞቹን ለመጻፍ የአዲስ አበባን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገውም። ዝርዝሩ ሲኖር መንግሥት በማን ፊት፣ ለየትኛው ቤት ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ይቅር ማለትም ሆነ እምቢ ማለት የዚያ ቤት ጉዳይ ይሆናል።