ለኪውን ማን ይለካዋል?

ሜሪላንድ የሚኖር የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ለጥቂት ቀናት እንግዳ ሆኜ ነበር። ሰውዬው ምድር ቤቱን በአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎች ሞልቶታል። ኦሲሎስኮፕ በሉት፣ ቮልቲሜትር በሉት፣ ሲግናል ጄኔሬተር በሉት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ያለኝ ትውውቅ አምፖል ከመቀየር አያልፍም። ስለዚህ ማንም አላዋቂ የሚጠይቀውን ጠየቅሁ።

«ይሄ ሁሉ ብረት ምን ያደርግልሃል? አዲስ ገዝተህ አትገላገልም?»

«አዲስም አለኝ» አለና በመዳፍ የሚያዝ ዲጂታል ቴስተር አሳየኝ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ከነዚህ ከአብዛኞቹ ይሄ ይሻላል።»

ይህን ማለቱ ደስ አለኝ። አሮጌ ዕቃ ወዳድ ብዙውን ጊዜ «የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር» ባይ ነውና።

ከዚያ የሚመካበትን አወጣ። ቴክትሮኒክስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ኦሪገን ውስጥ የተመሠረተው ኩባንያ በ1950ዎቹ የሠራው 545 ቁጥር ኦሲሎስኮፕ ነው። ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን ሞገድ በመስታወት ላይ በብርሃን መስመር የሚስል መሣሪያ ነው። 30 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ሆዱ በመስታወት ቫልቮች የተሞላ ነው። (ሽፋኑን ሲከፍት «ወደ ኋላ በል» አለኝ። ከስክሪኑ ጀርባ እስከ 10,000 ቮልት አለ፤ ካጠፉትም በኋላ አንዳንዱ ካፓሲተር ቻርጁን ይዞ ይቆያል።) ውስጡ ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ጥቅል ሽቦ ተንጠልጥላለች። ብር የተቀላቀለበት የመበየጃ ሽቦ ነው። ክፍሎቹ የተበየዱት በብር በተለበጡ የሸክላ መያዣዎች ላይ ስለሆነ፣ ተራው የመበየጃ ሽቦ የብሩን ሽፋን እያሟሟ ያላቅቀዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ትክክለኛውን ሽቦ አብሮ ሰጠ። መጽሐፉም የመላ ሰውነቱን ሥዕል፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ዝርዝር ጋር ይዟል።

ሽቦዋን ብዙ አየኋት። ሠሪው ለማያውቀው ሰው ምን እያለው ነው? «ይህ የሠራሁት ነገር አንድ ቀን ይበላሻል። ያን ቀን እኔ አጠገብህ አልኖርም። እንካ፣ በዚህ አስተካክለው።» ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ በሙጫ ታሽጎ ነው የሚሰጠን።

ሌላም አሳየኝ። ከመሣሪያዎቹ ባንዱ ፊት ላይ የደበዘዘች ወረቀት ተለጥፋለች፤ ካሊብሬት የተደረገበት ቀን፣ ቀጣዩ ቀን፣ የፈታሹ ፊርማ። «ቀኑ ካለፈ የሚልህን አምነህ አትፈርምም» አለኝ።

«ፈታሹንስ ማን ፈተሸው?»

ሳቀ። የሱን መለኪያ ከሱ የተሻለ ይፈትሸዋል፣ ያንን ደግሞ ሌላ የተሻለ፤ እንዲህ እያለ እስከ ብሔራዊ የልኬት ተቋም ይወጣል። ከዚያስ? እዚህ ላይ የኪሎግራምን ታሪክ አጫወተኝ። ከ1889 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ኪሎግራም ማለት ፓሪስ አጠገብ፣ ሴቭር ላይ የተቀመጠ አንድ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቁራጭ ነበር። ሊሳሳት አይችልም፤ ኪሎ ማለት እሱ ነዋ! ከቅጂዎቹ ጋር ሲመዘን ግን በመቶ ዓመት ውስጥ ወደ 50 ማይክሮግራም የሚደርስ መራራቅ ተገኘ። ማን ቀለለ፣ ማንስ ከበደ? በደንቡ ከሄድን ያጠፉት ቅጂዎቹ ናቸው።

ጓደኛዬ በዚህ ይስቃል። እኔ ግን ያን ብረት አውቀዋለሁ፤ ለብዙ ዓመታት ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር።

አንድ ተማሪ የፈተና ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። «መምህር፣ ምን እንዳጎደልኩ ቢነግሩኝ» አለኝ። «ማርክ አልቀይርም» አልኩት። ልጁ ማርክ ይቀየርልኝ አላለም። ምን እንዳጎደለ ነበር የጠየቀው፤ እኔ ደግሞ አላስታውስም ነበር። ወረቀቱን ያረምኩት ሌሊት፣ ከስንትና ስንት ወረቀት በኋላ ነው። ተማሪው «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ። በሌላ ዓመት፣ ያ ነገር ሲከነክነኝ፣ የታረሙ ወረቀቶችን ማርካቸውን ሸፍኜ እንደገና አረምኩ። አንዱ ላይ ከ20 የ5 ማርክ ልዩነት አገኘሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ወረቀቶቹንም በፊተኛው ማርካቸው መለስኳቸው።

«ድርሰት እንደ ቮልት አይለካም» የሚል መልስ አለኝ። ለረጅም ጊዜ ተጠልዬበታለሁ፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን የጓደኛዬ ብረቶችም ልክ አይሉም እኮ! የ545 መጽሐፍ በመቶ 3 ያህል ሊስት እንደሚችል ራሱ ይናገራል። የሚታመነው ስለማይስት አይደለም፤ ስንት ሊስት እንደሚችል አስቀድሞ ስለሚናገርና ሽፋኑ ስለሚከፈት ነው። የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ግን ምንም አይናገርም ነበር። ለኩ ጥርት ያለ አልነበረምና፣ ለተማሪው ሽፋኑን መክፈት የነበረብኝ እኔው ነበርኩ። ዳኛውስ፣ ሥራ ፈላጊ የሚመርጠው አለቃስ፣ የሰው መጽሐፍ የምንገመግመው እኛስ፣ ግንባራችን ላይ የቱ ቀን ተጽፏል?

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። እሱ ማሽኑን ለኩሶ ከጎኔ ተቀምጧል። ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ቀሉ፤ የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ብቅ ሲል «በል እንግዲህ ለካ» አልኩት።

«ገና ነው፣ 20 ደቂቃ ይሙቅ። አሁን የሚልህን አትመነው።»

መስመሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ቁጭ ብለን ጠበቅን።