ስልኩ ለጆሮ፣ ክፍሉ ለአንደበት፦ ቅይጥ ትምህርትን ለሚሞክሩ ወጣት የቋንቋ መምህራን

ቅይጥ ትምህርት የሚባለው የማስተማር ስልት፣ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ክፍለ ጊዜና ተማሪው ከክፍል ውጭ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚከታተለው ትምህርት በአንድ ዕቅድ ተሳስረው፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ የሚደረግበት አሠራር ነው። ትምህርቱን በክፍል ከጨረሱ በኋላ ያንኑ ማስታወሻ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ለቀረ ተማሪ ቢጠቅምም፣ ሁለቱን የሚያስተሳስር ዕቅድ ስለሌለው በዚህ ስም ሊጠራ አይገባም። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም እንግሊዝኛ የሚያስተምሩና ይህን ስልት ለመሞከር የሚያስቡ ወጣት መምህራን፣ የትኛው ሥራ ለስልኩ እንደሚሰጥና የትኛው ለክፍሉ እንደሚቀር ከሁሉ አስቀድመው መወሰን ይኖርባቸዋል።

ይህ ውሳኔ ሳይታሰብበት ሲቀር ምን እንደሚከተል አገሪቱ አስቀድማ አይታዋለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ የታሰበው በየአካባቢው የሚታየውን የትምህርት ጥራት ልዩነት ማጥበብ ነበር፤ ሐሳቡም የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ሥርጭት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ስለወሰደ፣ ለመምህሩ የቀሩት በመጀመሪያና በመጨረሻ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሆኑ፤ ሥርጭቱን ማቆምም ሆነ መድገም ስለማይቻል፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ያመለጠው ተማሪ ተከታዩም ያመልጠው ነበር። በእንግሊዝኛ ትምህርት ጉዳቱ የከፋው፣ ተማሪው ሊናገርበት በሚገባው ሰዓት ዝም ብሎ አድማጭ እንዲሆን ስለተደረገ ነው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ክፍሉን ሙሉ በሙሉ እንዲተኩ ተጠየቁ። በፕላዝማው ጊዜ መሣሪያው የክፍሉን ሰዓት ወሰደ፤ በወረርሽኙ ጊዜ መሣሪያው ያለ ክፍል ቀረ፤ ስለዚህ ሁለቱም ቅይጥ አልነበሩም።

ትክክለኛውን ድልድል ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍልና በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ፣ መምህሩ አንድም ቃል ሳይናገር ሰዓቱን ለተማሪዎች ቢያከፋፍል እንኳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው፤ 25 ደቂቃ ካስረዳ ደግሞ 15 ሰከንድ ብቻ ይቀራል። ማስረዳቱ በድምፅ ተቀርጾ አስቀድሞ ቢሰጥና ክፍሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቢወያይ ግን፣ በአንድ ጊዜ 30 ሰዎች ስለሚናገሩ፣ በ30 ደቂቃ ውይይት እያንዳንዱ ተማሪ ወደ 15 ደቂቃ የሚጠጋ የመናገሪያ ጊዜ ያገኛል። ማብራሪያው ወደ ቤት፣ ልምምዱ ወደ ክፍል የሚዞርበት ይህ አደራደር «የተገለበጠ ክፍል» ይባላል፤ ስሙን ያገነኑት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርታቸውን በቪዲዮ እየቀረጹ መስጠት የጀመሩት ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ የአሜሪካ የኬሚስትሪ መምህራን ናቸው። ከኬሚስትሪ ይልቅ ግን ለቋንቋ የበለጠ የሚስማማ ይመስላል፤ ምክንያቱም ቋንቋ ያለ ሌላ ሰው የማይለመድ ትምህርት ነው።

የተቀረጸ ድምፅ ከላይ በተጠቀሱት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያለው ጥቅም ደግሞ የተለየ ነው። የአማርኛ ፊደል ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ሲሆን፣ «ገና» ሲላላ ጊዜው እንዳልደረሰ፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። በአንጻሩ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ላይ በተመሠረተው ሥርዓት፣ ጥብቀት ተነባቢውን፣ ርዝመት አናባቢውን በመደጋገም በግልጽ ይጻፋል። ስለዚህ በቁቤ ማንበብ የለመደ የአዳማ ልጅ አማርኛ ሲያነብ የሚጠብቀውን አላልቶ ቢያልፍ ስንፍና ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም፤ ፊደሉ ያልነገረውን ሊያውቅ አይችልምና። አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅም በተራው፣ አናባቢው ሲያጥር መሬት፣ ሲረዝም ለስላሳ የሚል ፍቺ የሚሰጡትን «ለፋ»ና «ላፋ»ን የመሰሉ ጥንዶች መለየትና በአማርኛ የሌለውን የ«ዸ» ድምፅ ማውጣት ይቸግረዋል። መጽሐፍ ይህን አያሰማም፤ መምህር ያሰማል፣ ነገር ግን በየክፍሉ አሥር ጊዜ ሲደግም ሰዓቱ ያልቅበታል። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ተማሪው እንዲደግም በየመካከሉ ዝምታ የተተወለት ቅጂ ግን ሃያ ጊዜ ቢደመጥ አይሰለችም። ቅጂው የአፍ መፍቻ ቋንቋው በሆነ ሰው ድምፅ ቢሆን ይመረጣልና፣ የአማርኛ መምህሩ ከአፋን ኦሮሞ ባልደረባው ጋር ድምፅ ቢዋዋስ ሁለቱም ክፍሎች ይጠቀማሉ። የባጃጅ ጡሩምባ የገባበት ቅጂ ጥብቀትን ከማሰማት ይልቅ ስለሚሸፍን፣ ጸጥ ያለ ሰዓት ጠብቆ መቅረጽም የሥራው አካል ነው።

ወጣቱ መምህር አብዝቶ ሊጠነቀቅበት የሚገባው፣ በእጁ ያለው ስልክ በተማሪው እጅም ያለ እንዳይመስለው ነው። በብዙ ቤት ያለው ስልክ የወላጅ ነው፤ በመቂና በባቱ አትክልት የሚያለማ አባት እስኪመሽ ከማሳው አይመለስም፣ በጂቡቲ መስመር የሚነዳ ሾፌርም ስልኩን ይዞ ለቀናት ይጠፋል፤ በዚህ ላይ የመብራት መጥፋትና የዳታ ዋጋ አለ። ስለዚህ ዕቅዱ መነሣት ያለበት ምንም ከሌለው ተማሪ ነው። ከቪዲዮ ይልቅ ድምፅ ይመረጥ፤ አንድ ተማሪ አንድ ጊዜ ያወረደው ቅጂ በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ለጓደኞቹ ይተላለፍ፤ ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ስልክ በሚገኝበት ሰፈር በአራት በአምስት ይቧደኑ፤ ያ ካልሆነ ቅጂው በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ይሰማ፤ ጽሑፉም መስማት ለሚያስቸግረው ጭምር እንዲጠቅም በግድግዳ ይለጠፍ። ስልክ ላይ ለተሠራ ሥራ ማርክ መስጠት ግን የቤተሰብን ኪስ መመዘን ስለሆነ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

እርማትም ልክ ይፈልጋል። 60 ተማሪዎች የሁለት ሁለት ደቂቃ ንባብ ቀርጸው ቢልኩ ማዳመጡ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህን በየሳምንቱ ለማድረግ የሚነሣ መምህር በወሩ ሥራውን ይተወዋል። በሳምንት የአሥር ተማሪዎችን ድምፅ በተራ ማዳመጥ፣ በስድስት ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳል። እርማቱ በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ላይ ሳይሆን ለተማሪው ለብቻው ሊደርስ ይገባል፤ በስልሳ እኩዮቹ ፊት የታረመ ልጅ ሁለተኛ ድምፁን ላይልክ ይችላልና። የጽሑፍ ልምምድ ደግሞ ወደ ቤት ከሚላክ ይልቅ በክፍል ውስጥ በእስክሪብቶ ቢሠራ ይሻላል፤ ጎግል ትርጉም አማርኛን በ2008 ዓ.ም.፣ አፋን ኦሮሞን በ2014 ዓ.ም. ከጨመረ ወዲህ፣ ከቤት የመጣ ድርሰት የማን እንደሆነ መለየት አዳጋች ሆኗል።

የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን ያነጻጸረ ግምገማ፣ ፊት ለፊት ብቻ ከተማሩት ይልቅ በቅይጥ ስልት የተማሩት በአማካይ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ይገልጻል። አዘጋጆቹ ግን ብልጫው ከመሣሪያው ሳይሆን ተማሪዎቹ ካገኙት ተጨማሪ የመማሪያ ጊዜና ጽሑፍ የመጣ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቀዋል፤ ከተነጻጸሩት ጥናቶችም አብዛኞቹ የተካሄዱት በልጆች ላይ አልነበረም። ስለዚህ ወጣቱ መምህር ስልቱን በአንድ ክፍልና በአንድ ምዕራፍ ይጀምር፤ በምዕራፉ መጀመሪያና መጨረሻ ተማሪዎቹን አናግሮ ንግግራቸውን ያወዳድር። በክፍል ውስጥ የሚናገሩት ተማሪዎች ቁጥር ከጨመረ ወደ ሌሎች ክፍሎች ያስፋፋው፤ ካልጨመረ ደግሞ ትቶት ወደ ቀድሞው አሠራር መመለስ መብቱም ግዴታውም ነው።