አራት ምስክሮች፣ አንዲት እውነት



«ለአንተ እውነት የሆነው ለእኔ እውነት አይደለም» የሚለው አነጋገር በዘመናችን እንደ ጥበብ ይቆጠራል። ለዚህም ብዙዎች በማስረጃነት የሚጠቅሱት ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1950 (እ.ኤ.አ.) የሠራውን፣ በ1951 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት የተቀዳጀውን «ራሾሞን» የተሰኘ ፊልም ነው። እኛ ግን ልብ ብለን ስንመለከተው ሌላ ትምህርት እናገኝበታለን።

በጥንታዊቱ ኪዮቶ፣ በፈረሰ የከተማ በር ሥር ዝናብ ያስጠለላቸው አንድ እንጨት ቆራጭ፣ አንድ የቡድሃ መነኩሴና አንድ መንገደኛ በጫካ ስለ ሞተ አንድ ሳሙራይ ይነጋገራሉ። በዳኞች ፊት ሽፍታው «በጀግንነት ተፋልሜ ገደልሁት» ብሏል። ሚስቲቱ ራሷን ስታ ስትነቃ ጩቤው በባሏ ደረት ተተክሎ እንዳገኘችው ተናግራለች። የሟቹም መንፈስ በጠንቋይ አፍ «ራሴን ገደልሁ» ብሏል። እንጨት ቆራጩ ሬሳውን ብቻ እንዳገኘ መስክሮ ነበር፤ በበሩ ሥር ግን ነገሩን በዓይኑ እንዳየ ይገልጣል። እርሱም ቢሆን ውዱን ጩቤ መስረቁን ሸሽጓል።

ቃላቸው የተለያየው እውነት አራት ስለ ሆነች ነውን? አይደለም። ሟቹ አንድ ነው፤ የሞተበትም መንገድ አንድ ነው። ነገር ግን ሽፍታው ስለ ዝናው፣ ሚስቲቱ ስለ ስሟ፣ ባልየው ስለ ክብሩ፣ እንጨት ቆራጩም ስለ ሌብነቱ ብለው ጋረዷት። ፊልሙ ገዳዩን ሳይለይ ቢያበቃም፣ ምስክር ሲዋሽ ዳኛ ይቸገራል እንጂ የተደረገው አልተደረገም አይባልም።

ጲላጦስ እውነት ምን እንደ ሆነች ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ (ዮሐ. 18፡38)። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1993 (እ.ኤ.አ.) ስለ እውነት ግርማ በጻፉት መልእክት ሕሊና መልካሙንና ክፉውን ይለያል እንጂ እንደ ወደደ አይፈጥረውም ብለው አስተምረዋል።

በፊልሙ መጨረሻ በበሩ ሥር የተጣለ ሕፃን ያለቅሳል። መንገደኛው ሁሉም ራሱን ወዳድ ነው ብሎ የሕፃኑን ልብስ ገፍፎ ይሄዳል። እንጨት ቆራጩ ግን፣ ስርቆቱ ተነቅቶበት ካፈረ በኋላ፣ ስድስት ልጆች እያሉት ሕፃኑን ሰባተኛ አድርጎ ይወስደዋል። ያን ጊዜ መነኩሴው በሰው ላይ የነበረው እምነት ይመለስለታል፤ ዝናቡም ያባራል።

እኛስ በሽማግሌ ፊት፣ ይልቁንም በምሥጢረ ንስሐ ስንቀርብ የሸሸግነው ጩቤ የለንምን? እውነት የራቀችን ስትመስለን አስቀድመን የደበቅነውን እናውጣ። ጌታ በብርሃኑ እንድንመላለስ ይርዳን። አሜን።