ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በሹሙና በባለቤቱ ላይ ያለው አደራ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባዋል። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፦

አንባቢ ወንድሜ ሆይ! አንድ ጥያቄ አቀርብልሃለሁና ቸኩለህ አትመልስልኝ። በአቃቂ ቃሊቲ ሱቅ አለህ እንበል። ከሠራተኞችህ አንዱ ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ያድራል። በማለዳ ከጤና ጽሕፈት ቤት የተላከ ሰው ደጅህ ላይ ይቆምና «ይህ ሱቅ ይዘጋ፤ የታመመው ለብቻው ይቀመጥ፤ አብረውት ያደሩትም እስኪመረመሩ ድረስ ከግቢው አይውጡ» ይልሃል። ይህ ሰው አባትህ አይደለም፤ አበዳሪህም አይደለም። አንተም አልሰረቅህም፥ ማንንም አልመታህም። ታዲያ በርህን እንዲዘጋ መብት የሰጠው ምንድን ነው? ትእዛዙንስ የምትፈጽመው ቅጣት ፈርተህ ነው ወይስ በአላህ ፊት የምትጠየቅበት ነገር ስለ ሆነ ነው?

ይህን ጥያቄ የአቃቂ ቃሊቲ ሰው ከሌላው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ሰፈራችን የከተማይቱ የደቡብ በር ነውና። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው ጭነት በአዳማ በኩል አልፎ ወደዚህ ይደርሳል፤ ነጋዴው በጉምሩክ ደጅ ይቆማል፤ ሾፌሩ በምግብ ቤታችን ይበላል፥ በአልጋችን ያድራል። ሸቀጥ የሚመጣበት መንገድ በሽታም የሚመጣበት መንገድ ነው። የምድር ባቡር በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓመተ ምሕረት ነበር። በኅዳር 1911 ደግሞ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሰው ጨረሰ። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት ይህ ነው፤ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥሎ ደጁን የሚያጥነው ያን ጊዜ እያስታወሰ ነው። የአቃቂም ወንዝ የከተማይቱን እጣቢ ተሸክሞ በጓሮ አትክልቶች መካከል ይወርዳል። ኮሌራ የሚተላለፈው በተበከለ ውኃና ምግብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፥ የላይኛው ሰፈር ሰው ጥፋት የታችኛውን ሰፈር ልጅ ሊገድል እንደሚችል ያውቃል።

እንግዲህ ልብ አድርግ። ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከባለቤቱ ጋር የሚቀር ነው፤ የጥርስና የወገብ ሕመም እንደዚህ ነው። በዚህ ሹም ምን አገባው? ታማሚው ቢፈልግ ይታከማል፥ ባይፈልግ ይታገሣል። ሁለተኛው ግን ከባለቤቱ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት የሚሄድ ነው። የሹሙ ሥልጣን የሚጀምረው በሽታው አጥር ከሚሻገርበት ቦታ ነው። ቤትህ በእሳት ቢያያዝ ጎረቤትህ ሳያስፈቅድህ አጥርህን ጥሶ ይገባል፤ ጣራህንም ያፈርሳል። አንተም «ምን በደልሁ?» አትለውም። እርሱ እሳቱን ሊያጠፋ እንጂ አንተን ሊቀጣ አልመጣምና። የበሽተኛም መለየት እንዲሁ ነው፤ ቅጣት አይደለም። ይህን ቃል ያዝልኝ፤ ኋላ ወደ ሹሙ ስንመለስ በእርሱም ላይ ማስረጃ ይሆናልና።

የአገራችንም ሕግ በዚህ መንገድ ሄዷል። በ1992 የወጣው የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200፥ በአካባቢው ተላላፊ በሽታ መኖሩን ያወቀ ሰው ሁሉ በአቅራቢያው ለሚገኝ የጤና ድርጅት ወዲያው እንዲያስታውቅ ግዴታ ጣለ። ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም የጤና ባለ ሥልጣን ትምህርት ቤቶችንና ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን ስፍራዎች እንዲዘጋ፥ ሕሙማንንም ከሥራ አግልሎና ለይቶ እንዲያሳክም ሥልጣን ሰጠ። ሕገ መንግሥቱም ወረርሽኝን አስቸኳይ ጊዜ ከሚታወጅባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል።

ይህ ሥልጣን በወረቀት ብቻ አልቀረም። የኮቪድ በሽተኛ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 መገኘቱ ታወቀ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ከውጭ አገር የገባ ሰው 14 ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። የመስጊድ በሮች ተዘጉ። የ1441 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ፤ ዒዱም በየቤቱ ዋለ። የዚያ ዓመት ሐጅ እንኳ በሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ። ያን ጊዜ በብዙ ሰው ልብ ሦስት ጥያቄዎች ተመላለሱ፤ ሌላ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥርም ይመለሳሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞትና ሕይወት በአላህ ቀደር ከሆነ መሸሽ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ይህን ከአንተ በፊት የጠየቁ ታላቅ ሰው አሉ። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ የአምዋስ ወረርሽኝ በሻም በገባ ጊዜ ዑመር ኢብን አልኸጣብ፥ አላህ ይውደዳቸውና፥ ወደዚያ ሲጓዙ ሰርግ በምትባል ስፍራ ወሬው ደረሳቸው። ሙሃጂሮችን ጠየቁ፥ አንሷሮችን ጠየቁ፥ የቁረይሽን ሽማግሌዎች ጠየቁ፤ ከዚያም ሕዝቡን ይዘው ለመመለስ ቈረጡ። አቡ ኡበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደር መሄድ መሆኑን አስረዷቸው፤ ግመሎቹን በለምለሙ ሸለቆም ሆነ በደረቁ ያሰማራ እረኛ ሁለቱንም በአላህ ቀደር እንደሚያደርግ ምሳሌ ሰጧቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ መጥተው፥ ነቢዩ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትን፥ ካለበትም አገር እርሱን ሸሽቶ መውጣትን መከልከላቸውን መሰከሩ። እነሆ፥ ወደ ውስጥ አለመግባት ለራስ ነው፤ ወደ ውጭ አለመውጣት ግን ለሌላው ነው። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የንግዱ ነው። «ብናገር ሱቄ ይዘጋል፤ ዕዳዬ ይቈለላል፤ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ትላለህ። ይህ ቀላል ጭንቀት አይደለም፤ የሚያቃልለው ሰው ከስሮ የማያውቅ ነው። ነገር ግን ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን ታውቃለህ። ነቢዩ በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አግብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ባለቤቱን እንደ ገሠጹት ሰምተሃል። የታመመውን ሠራተኛ በጓዳ ደብቆ በፊት ለፊት የሚሸጥ ሰው ከዚያ ነጋዴ በምን ይሻላል? ስኳሩን በትክክለኛ ሚዛን መዘነ፤ በሽታውን ግን ሳይመዝንና ሳይናገር ጨምሮ ሰጠ። ገዢዋ ወደ ቤቷ ይዛ የምትገባውን አላወቀችም። ብታውቅ ኖሮ ደጅህን ባልረገጠች ነበር። ከእርስዋ የደበቅኸው የራስህን ምሥጢር ብቻ እንዳይመስልህ፤ የእርስዋንም መብት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «መስጊድ እንዴት በሹም ቃል ይዘጋል?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ቅንዓቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚዘጋው ጀማዓው እንጂ ሰላቱ አለመሆኑን ያስተውል። ሕገ መንግሥቱም እምነትን በልብ መያዝን አልገደበም፤ እምነትን በአደባባይ መግለጽ ግን ለጤና አስፈላጊ በሆነ ሕግ ሊገደብ እንደሚችል ደነገገ። በ14ኛው ምእተ ዓመት ታላቁ መቅሠፍት እንደሉስን በመታ ጊዜ የግራናዳው ሊሳኑዲን ኢብን አልኸጢብ፥ በሽታው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ በዓይን የታየና በልምድ የተረጋገጠ መሆኑን ጽፏል፤ ከበሽተኛ የተቀራረቡት ሲያልቁ ተለይተው የተቀመጡት መትረፋቸውን አይቷልና። በዓይን የታየውን መካድ ሃይማኖትን ማክበር አይደለም።

አሁን ወደ ሹሙ ልመለስ። አንተ በርን የምትዘጋ ሰው ሆይ! የበሽተኛ መለየት ቅጣት አይደለም ብለናል። እንግዲያስ ቅጣት አታስመስለው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን የኡመያው ኸሊፋ አልወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከልመና በከለከለ ጊዜ ቀለብ ቈርጦላቸው ነበር። ከሰው መካከል ያወጣ ሰው እንጀራውን መስጠት አለበት። በ2012 የወጣው ደንብም አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፥ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ከልክሎ ነበር። ይህ መልካም ነገር ነበር፤ «ቤትህ ተቀመጥ» የተባለ ሰው ቤት ሊኖረው ይገባልና። በዚያው ዓመት ግን ከፍሎ ሆቴል የተቀመጠው መንገደኛና ከስደት ተመልሶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተቀመጠው ድኻ አዳራቸው አንድ አልነበረም። በሽታው በመካከላቸው ልዩነት አላደረገም፤ ሰው ግን አደረገ።

ስለዚህ በሹሙ ላይ አራት ነገር አለበት። አንደኛ፥ ዑመር እንዳደረጉት ዐዋቂን ይጠይቅ፤ ያለ ምርመራ በጥርጣሬ ብቻ አይፍረድ። ሁለተኛ፥ ወሰንና ጊዜ ይኑረው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ሳለ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቅረብለት፥ ከስድስት ወርም አይለፍ፥ ቢያስፈልግ በአራት በአራት ወር ይታደስ ተብሎ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈው ሥልጣን ባለቤቱ ዘንድ እንዳይለመድ ነው። ሦስተኛ፥ የበሽተኛውን ስም በገበያ አይዝራ፤ ገመናው አደራ ነውና። አራተኛ፥ ጉቦ ተቀብሎ የተዘጋውን ሱቅ አይክፈት፤ የሸጠው የራሱን ማኅተም ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን ነፍስ ነው። ሕዝብ የሚሸሸው ሹም በሽታን አያገኝም። ጭካኔው ሕሙማንን ወደ ጓዳ ያስገባቸዋል፤ በጓዳ የተደበቀ በሽታም ሰፈሩን ይጨርሳል።

ነገር ግን ሹሙ አደራውን ቢያጎድል ያንተ አደራ ይወርዳልን? አይወርድም። ስለ በደሉ ክሰሰው፥ አቤት በል፤ በደል ግን በበደል አይመለስም፤ በሽተኛህንም ወደ ሰው መካከል አታውጣ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ላስታውስህ። ዑመር በከዕባ ዙሪያ ጠዋፍ የምታደርግ የሥጋ ደዌ ታማሚ አይተው፥ ሰውን እንዳታስቸግር በቤትዋ ብትቀመጥ እንደሚሻል በለዘበ ቃል መከሯት። እርስዋም ተቀመጠች። ዑመር ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው የከለከለሽ ሞቷልና ውጪ ቢላት፥ በሕይወቱ ታዝዤው በሞቱ የማምፅ አይደለሁም ብላ መለሰችለት ይባላል። በደጃፏ ጠባቂ አልነበረም፤ መቀጫም አልተጻፈባትም። የሹም ሥልጣን እስከ በር ድረስ ይደርሳል። ከበሩ ወዲያ በጓዳህ ያለውን የሚያየው አላህ ብቻ ነው። ሕግ የማይደርስበትን ያ ጓዳ የሚጠብቀው የአንተ አማና ነው።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይፈውስ፤ ሹሞቻችንን ርኅራኄን፥ እኛንም እውነት መናገርን ያድለን። አሚን።