የሁሉም የሆነውን ልጅ ማን ያየዋል?

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጥያቄው አጭር ነው፤ «ሁላችንም እያየነው ነው» የሚባለውን ልጅ በእርግጥ የሚያየው ማን ነው?

ይህን የምጠይቀው ሰመር ስለገባ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ በበረዶው ወራት ቤቱ ተዘግቶበት የከረመ ሕዝብ ጁን ላይ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ከብሩክሊን ፓርክ፣ ሌላው ከኢገን፣ ሌላው ከሴንት ፖል ተነሥቶ ለሽርሽር ወደ ሚኔሃሃ ፓርክ ይመጣል። ወንዶቹ ከሰሉን ያቀጣጥላሉ። እናቶች እንጀራውን፣ ሰላጣውን፣ ሌሊቱን በቅመም ያደረውን ሥጋ ከመኪና ያወርዳሉ። አንዷ ጀበናዋን ሳትረሳ ይዛ መጥታለች። ልጆቹ ግን ለሥጋውም ለቡናውም ግድ የላቸውም፤ ከፏፏቴው በታች ያለውን ጅረት አይተዋል። ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጉልበት ይደርሳል። እኛም አንድ ጊዜ አየት አድርገን «ምንም አይልም፣ ጥልቀት የለውም» እንልና ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን።

ስለ ውኃው ትንሽ ልበል፤ ጥልቀት የሌለው ውኃ ያታልላልና። የሚኔሃሃ ጅረት ከሚኒቶንካ ሐይቅ ተነሥቶ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በሰፈሮች መካከል እየተጠማዘዘ ይመጣል፤ 16 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ፏፏቴ ከወረደ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ከሚሲሲፒ ወንዝ ይቀላቀላል። ዛሬ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው ግሬይስ ቤይ የሚባለው ግድብ ነው። ድርቅ ሲሆን ግድቡ ይዘጋል፣ ጅረቱም እስከ መድረቅ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በጁን 1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፏፏቴውን ሊያዩ ሲመጡ ድርቅ ስለነበር፣ ከላይ በኩል የእሳት አደጋ ቧንቧዎች ተከፍተው ነው ፏፏቴው የወረደው። ፕሬዚዳንቱ እዚያ የተነሡት ፎቶግራፍ ያምራል፤ ውኃው ግን የቧንቧ ውኃ ነበር! በ2014 ደግሞ ያው ጅረት ዳርቻውን ጥሶ ሰፈር አጥለቀለቀ። ከባድ ዝናብ ሲጥል የመንገዱና የጣሪያው ጎርፍ ወደ እርሱ ስለሚገባ በሰዓታት ውስጥ ሌላ ወንዝ ይሆናል። ባለፈው ሰመር ቁርጭምጭሚት ድረስ የነበረው ዘንድሮም እንደዚያው ነው ብሎ ቃል የገባልን የለም።

ደግሞስ ቁርጭምጭሚት ድረስ ቢሆን? በግንባሩ ወድቆ መነሣት ላቃተው የ2 ዓመት ሕፃን 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይበቃዋል። በዚህ አገር ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ከሚገድሉ ነገሮች ቀዳሚው መስጠም ነው። የሚሰጥም ልጅ በፊልም እንደምናየው አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም፤ አፉ ውኃው ውስጥ ሲገባ ለመጮኽ የሚሆን ትንፋሽ የለውም። በጸጥታ ነው የሚሄደው። ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሰዎች ቆመው እየሳቁ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነገር ሥጋ ገልብጦ ለመመለስ ከሚወስደው ጊዜ ባነሰ ሊያልቅ ይችላል።

እንግዲህ በዚያ ሜዳ ላይ 40 አዋቂዎች አሉ እንበል። 80 ዓይን ማለት ነው። ከመካከላቸው ክፉ ሰው የለም፤ ልጆቹን የማይወድም የለም። ታዲያ አንድ እናት ብቻዋን ከሁለት ልጆቿ ጋር ወንዝ ዳር ብትቀመጥ ልጆቹ ይበልጥ የሚጠበቁት ለምንድን ነው?

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በዚያው በ1964 ኪቲ ጄኖቪዝ የምትባል ወጣት በኒው ዮርክ በስለት ተወግታ ስትሞት፣ 38 ሰዎች እያዩ ማንም አልረዳትም ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ። ቁጥሩ የተጋነነ እንደነበረ በኋላ ታውቋል፤ እንዲያውም አንዲት ጎረቤቷ ወርዳ አቅፋት ነበር። ሆኖም ወሬው ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎችን አንድ ሙከራ እንዲያደርጉ አነሣሣቸው። ተማሪዎችን በየክፍሉ ለብቻ አስቀምጠው በድምፅ ማጉያ እንዲነጋገሩ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ አንደኛው ተናጋሪ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሆኖ እርዳታ ሲለምን አሰሙአቸው። ድምፁ የተቀዳ ነበር። በ1968 ባወጡት ጽሑፍ እንዳሉት፣ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት 85 ከመቶው በሽተኛው እየተናገረ ሳለ ለእርዳታ ተነሡ። ሌሎች 4 ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን የተነሡት 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አስተውሉ፤ ያልተነሡት ልበ ደንዳኖች አልነበሩም። ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ «ልጁ ደህና ነው?» ብለው ይጠይቁም ነበር። ልባቸው ነበረ፤ ሸክሙ ግን ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ለማንም የማይከብድ ሆነ።

የእግዚአብሔር ቃል ይህን ነገር ያውቀዋል። ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ስንሰብክ ሁልጊዜ ወደ መቅደሱ እንቸኩላለን፤ የ12 ዓመቱ ኢየሱስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ የተናገረውን ለመስማት። እስቲ ዛሬ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ላይ ቆም እንበል። ዮሴፍና ማርያም ከፋሲካ በዓል ሲመለሱ አንድ ሙሉ ቀን ተጉዘዋል፤ ልጁ አብሯቸው የለም፣ አላወቁም። ለምን? አብሯቸው የሚጓዘው ሕዝብ ብዙ ስለነበር፣ ልጁም ከዘመድ አዝማድ ጋር ይሆናል ብለው ስላሰቡ። እናንተ ሆይ፣ እነዚህ ግድየለሽ ወላጆች ናቸው? መልአክ የተናገራቸው፣ ለዚህ ልጅ ብለው ግብፅ ድረስ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው! በስደቱ ጊዜ ሦስቱ ብቻ ሳሉ አልጠፋባቸውም። የጠፋባቸው በበዓል ቀን፣ በወገን መካከል፣ ሁሉም በሚወደው ሕዝብ ውስጥ ነው። ለማግኘትም ሦስት ቀን ፈጀባቸው።

አንዳንዶቻችሁ «ሀገር ቤትኮ ልጅ የሁሉም ነበር፤ ማንም ተመድቦ አልጠበቀንም፣ አደግን» ትሉኛላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግን እዚያ «ሁሉም» ማለት ምን ማለት እንደነበረ እናስታውስ። ባለሱቁ በመስኮቱ በኩል መንገዱን ያያል፤ ጉሊት የተቀመጠችው እናት ከቦታዋ አትነሣም፤ ደጃፏ ላይ ጥጥ የምትፈትለው እትዬ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናት። የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ስንት ሰዓት መመለስ እንዳለብህ፣ ወደ ወንዝ መውረድ እንደተከለከልክ ያውቃሉ። ዱላም ቢሆን ከእናትህ ሳይጠይቁ ያቀምሱሃል። ማንም በወረቀት አልመደባቸውም እንጂ እያንዳንዳቸው ቦታ ነበራቸው። ለሽርሽር የምንሰበሰበው እኛ ግን በዓመት አንዴ የምንገናኝ ነን፤ የአንዳችንን ልጅ ስም ሌላችን አናውቅም። «የሁሉም ልጅ» የሚለውን ቃል ይዘን መጣን፤ ባለሱቁንና እትዬን ግን በሻንጣ ይዘን አልመጣንም።

ደግሞ ሥራ መከፋፈል የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ዕድርን ተመልከቱ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው ተረኛ በስሙ ይታወቃል፤ የቀረ ይቀጣል። ሐዘን ቤት «አንድ ሰው ያደርገዋል» ተብሎ የሚቀር ነገር የለም። ለሞተ ሰው ተረኛ የምንመድብ ሰዎች፣ ውኃ ውስጥ ለሚጫወት ልጅ ተረኛ አንመድብም።

ወይም ደግሞ እንመድባለን፤ ግን ማንን? ይህ ነው ይበልጥ የሚያሳዝነኝ። የ11 ዓመቷን ታላቅ እህት እንጠራና «ወንድሞችሽን እይ» እንላታለን። እርሷም እሺ ትላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። 40 ትልልቅ ሰዎች ያልተሸከሙትን አንዲት ልጅ ትሸከማለች። እኩዮቿ ውኃ እየተራጩ ሲስቁ እርሷ ዳር ቆማ ትቆጥራለች። አንድ ክፉ ነገር ቢደርስ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ማን ነው ዕድሜ ልኩን «እኔ ነበርኩ የማየው» እያለ የሚኖር? ለአዋቂ የከበደንን ነገር ለልጅ መስጠት አደራ መስጠት አይባልም።

ዘዳግም 21 ላይ ያለውን ሥርዓት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። በሜዳ ላይ የተገደለ ሰው ይገኛል፤ ገዳዩ አይታወቅም። የማንም ጉዳይ አይደለም ሊባል የሚችል ነገር ነው። ሕጉ ግን ሽማግሌዎችና ፈራጆች ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት እንዲለኩ ያዛል። የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር ይዘው ውኃ ወደሚፈስበት ሸለቆ ይወርዳሉ፤ በዚያ እጃቸውን ታጥበው ደሙን እንዳላፈሰሱ ይናገራሉ። የጥንት የአይሁድ መምህራን በሚሽና ውስጥ ደስ የሚል ጥያቄ ጠይቀዋል፦ ሽማግሌዎቹን ነፍሰ ገዳይ ናቸው ብሎ የጠረጠረ ማን አለና ነው እንዲህ የሚሉት? መልሳቸው ይህ ነው፤ ያ ሰው ወደ እኛ መጥቶ ያለ ስንቅ አላሰናበትነውም፣ አይተነው ያለ ሸኚ አልተውነውም ማለታቸው ነው። እግዚአብሔር «የሁላችሁም ኃላፊነት ነው» ብሎ ጉዳዩን በአየር ላይ አልተወውም። ገመድ አስይዞ አስለካ፤ ከተማው በስም ተለየ። የሚገርመኝ ግን ይህ ሁሉ የሆነው ሰውየው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ገና ልጆቹ እየሳቁ ሳለ መለካት እንችላለን።

«እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል» የሚልም አይጠፋም። አሜን፣ ይጠብቃቸዋል። ነህምያም ይህን ያምን ነበር፤ ቅጥሩን ሲሠራ ጠላት በተነሣበት ጊዜ ጸለየ፣ ጸሎቱን እንደጨረሰም ቀንና ሌሊት ዘበኛ አቆመ። አንዱ ሌላውን አላስቀረውም። ምግቡን ባርከን ስንጨርስ «ማን ነው መጀመሪያ ውኃው ዳር የሚቆመው?» ብንል እምነታችን አይጎድልም።

በዚህ አገር የለመዱት ጥሩ ነገር አለ። አንድ አዋቂ ለ15 ደቂቃ የውኃ ጠባቂ ይሆናል፤ ካርድ አንገቱ ላይ ያጠልቃል። በእነዚያ 15 ደቂቃዎች ስልክ አይነካም፣ ሥጋ አይገለብጥም፣ ስለ ሀገር ፖለቲካ አይከራከርም። ተራው ሲያልቅ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ በሚቀጥለው ሰው እጅ ያስቀምጠዋል፣ ያም ሰው «ተቀብያለሁ» ይላል። ሕፃናቱ ጋ ከሆነ ደግሞ ከዳር መቆም አይበቃም፤ እጅ ሲዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ውኃው ውስጥ መግባት ነው። ሱሪ ይርጠብ።

የሚያስቸግረን ይሉኝታ ነው። እንግዳ የመጣን ሰው «ተራህ ነው» ማለት ያሳፍራል፤ «ልጄን አላመናችሁልኝም» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። ጋሼንማ ማን ደፍሮ ያዛቸዋል? ስለዚህ ከትልልቆቹ ይጀመር። ከሁሉ በፊት የጋሼ ስም ይጻፍ፣ ቀጥሎ የመጋቢው፣ ከዚያ ወዲያ እምቢ የሚል የለም። ጋሼ ወንበራቸውን ከጥላው አንሥተው ወደ ውኃው ዳር ያዙሩት፤ ቡናው እዚያው ይወሰድላቸዋል። ያቺ የ11 ዓመት ልጅም ጫማዋን አውልቃ ትግባ።