የገደል ማሚቶ በሳጥን ውስጥ



በስሜን ተራሮች አፋፍ ቆሞ ወደ ማዶ የሚጣራ እረኛ የገዛ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 170 ሜትር ርቆ የቆመ ገደል ጥሪውን ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ይመልሳል። አባቶቻችን ይህን የገደል ማሚቶ ብለውታል። ማሚቶ ከራሱ አንዳች ቃል አይጨምርም፤ የተነገረውን ብቻ ይመልሳል።

ዛሬ ይህ ማሚቶ በእግር በሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወቱ ወጣቶች «ዲሌይ» ይሉታል። ቀድሞ ሥራው የሚከናወነው በቴፕ ነበር፤ የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው «ስፔስ ኢኮ» የዚህ ዓይነት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያም ያው ኩባንያ «ቦስ» በሚለው ስሙ አናሎጉን «ዲኤም-2»፣ ቀጥሎም ዲጂታሉን «ዲዲ-2» አቀረበ። አናሎጉ፣ ሰዎች ተሰልፈው ውኃ በባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ፣ ድምፁን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ ድግግሞሹ እየደበዘዘ ይሄዳል። ዲጂታሉ ግን ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ ስለሚያስቀምጠው ጥርት አድርጎ ይመልሰዋል።

በጎንደር ከተማ አንድ ምሽት ከመዘምራን ወጣቶች ጋር ተቀምጠን ሳለ በእነዚህ በሁለቱ ዓይነቶች ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ የደበዘዘው ድምፅ ልብን ያሞቃል አለ፤ ሌላው የጠራው ይሻላል አለ። እኛም ልንገሥጻቸው ሲገባን በደስታ ከክርክሩ ገባን። ቁልፎቹን እያዞርን፣ ገመዱን እየነቀልንና እየሰካን የልምምዱ ሰዓት አለቀ። በማግሥቱ እሑድ ከተዘመረ በኋላ በስተኋላ የተቀመጡ አንዲት አረጋዊት እናት ወደ ወጣቶቹ ቀርበው፣ «ልጆቼ፣ ዜማው አማረ፤ ቃሉ ግን ምን ይል ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። «ይቅር ይበሉን፣ እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ለመሣሪያ የምናደርገው ጥንቃቄ መቼ አገልግሎት፣ መቼስ ከንቱ ይሆናል?

መሣሪያን ማስተካከል በራሱ ነቀፋ የለበትም። በገናን የሚደረድር ሰው ዐሥሩን አውታር ከመቃኘቱም በላይ፣ በአውታሩና በመቆሚያው መካከል የሚገባውን እንዝራ የተባለውን ቁራጭ ቆዳ፣ የሚነዝረው ድምፅ እስኪወጣ ድረስ በትዕግሥት ያስተካክላል። በክረምት ቆዳው የረገበ ከበሮም በፀሐይ ወይም በእሳት ሙቀት ይወጠራል። በጥንቃቄ የተዘጋጀ መሣሪያ ለጸሎት የሚቀርብ መባ ነው። ነገር ግን በገናውን የቃኘ ሰው ቅኝቱን ጨርሶ ይጸልይበታል፤ እኛ ግን በዚያ ምሽት ቅኝቱን ሳንጨርስ ጸሎቱን ጨረስነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ዐሥረኛ ክፍል በዚህ ጉዳይ ተጨንቋል። የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ነፍሱን እንዳነሣሣው ያውቃል፤ ሆኖም ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው በበለጠ በማረከው ጊዜ መበደሉን ይናዘዛል፤ ዝማሬውን ግን ከቤተ ክርስቲያን ይወገድ አላለም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ ለቅዱስ አገልግሎት የሚስማሙ፣ ከቤተ መቅደስ ክብር ጋር የሚሄዱና ምእመናንን በእውነት የሚያንጹ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች እንዲገቡ መንገድ ከፍቷል። እንግዲህ ጉባኤው የሚጠይቀን የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም ነው።

በዚያ ሳጥን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ማሚቶው የሚዘገይበትን ጊዜ፣ ሁለተኛው ከዋናው ድምፅ ጋር የሚቀላቀልበትን መጠን፣ ሦስተኛው የድግግሞሹን ብዛት ይወስናል። ይህ ሦስተኛው በአናሎጉ ላይ ከልክ በላይ ሲዞር፣ ድምፁ ራሱን እየወለደ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ እጁን ከአውታሩ ቢያነሣም ጩኸቱ አይቆምም። በዚያን ጊዜ የሚሰማው የሰውየው ዜማ አይደለም፤ ሳጥኑ ራሱን ይሰማል። ለመሣሪያ ያለን ፍቅርም እንዲሁ ነው፤ ልክ ሲኖረው የሌላውን ድምፅ ያደርሳል፣ ልክ ሲያጣ ግን ራሱን ብቻ ይመልሳል። ለሌላ ፔዳል የምናወጣው ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት የመጣ ከሆነ ደግሞ፣ በዚያው ገንዘብ ሊረዳ የሚችለውን ድኻ አስቀድመን ልናስብ ይገባናል።

ስለዚህ የመዘምራን ኀላፊዎችንና መምህራንን የምንለምነው ይህን ነው። ሳጥኑን አትጣሉት፤ ነገር ግን ልምምዱ በቃሉ ንባብ ይጀምር፤ ሁሉም የሚዘምረውን በቃሉ ይወቅ፤ መሣሪያውም ከዚያ በኋላ ይስተካከል። ከመካከላችሁም አንዱ ወደ ኋላ ሄዶ ከአረጋውያኑ ጎን ተቀምጦ ያዳምጥ። ቃሉ እዚያ ከደረሰ ማስተካከሉ ተፈጽሟል፤ ካልደረሰ ቁልፉን መቀነስ ትሕትና ነው።

እኛ ሁላችን ማሚቶዎች ነን፤ ቃሉ የእኛ አይደለም። የተነገረንን ሳናደበዝዝ የምንመልስ እንድንሆን የቃሉ ባለቤት ይርዳን። አሜን።