ድንጋይ የሰጠ ምን ሰጠ?

ሰጪው ራሱ የሚጠቀምበት ስጦታ፣ ስጦታ ሊባል ይገባዋልን? ወንድሞችና እህቶች፣ ለዚህ ጥያቄ ከደቡብ ጎንደር ገበሬዎች የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዚያ አገር ከሩቅ ጫካ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው፤ ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኗል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ ከብት ወደ ደኑ እየገባ ቡቃያውን ስለሚበላና ስለሚረግጥ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ እንደሚያጣ አመልክተዋል። ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ አጥቢያዎች ጎረቤት ገበሬዎች ከማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ።

«ታዲያ ምን ሰጡ?» የሚል አይጠፋም። ድንጋዩ ለማረሻ እንቅፋት ነበር፤ ሲለቀም ማሳው ጠራ። ደኑም ንቡንና ጥላውን የሚጠብቀው ለእነርሱው ነው። እውነት ነው። እኔ ግን ትርፍን የስጦታ ጠላት አላደርገውም። ለአጥቢያው የሚበጀውን ሲሠራ እግረ መንገዱን ማሳው ቢጠራለት ማን ተጎዳ? በሰንበት ትምህርት ቤታችንም መዋጮ ሲነሣ «ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ የጠየቀውን ወንድም ለማሳፈር እንቸኩላለን፤ ጥያቄው ግን ነውር የለበትም።

ደግሞም ስጦታው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። በበጋ ከብት የጠበቀ ያውቀዋል፤ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ለምለም የቀረው በደኑ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ገበሬው የከሳ በሬውን ከካቡ ሥር ይመልሳል። ድንጋዩን የሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ይህን ግን በየበጋው ይሰጣል፣ ቆጥሮ የሚመዘግብለትም የለም። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ፣ ዛሬ በካቡ ውስጥ የበቀለው ለጥላ ሲደርስ የሚቀመጡበት የልጅ ልጆቹ ናቸው።